የበረሃ ተራራ እንጉዳይ፦ አሰባሰቡና አመዘጋገቡ

መጀመሪያ የሰበሰብኳቸው እንጉዳዮች ዛሬ የሉም። ወደ 40 ይሆኑ ነበር። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ኳስ የሚመስለውን፣ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ እየነቀልኩ አንድ ፌስታል ውስጥ ጨመርኩ። ከተራራው ወርጄ ፌስታሉን ስፈታው የጠበቀኝ ሞቅ ያለ፣ የሚሸት ዝቃጭ ነው። የተረፉት አራት አምስቱም ቢሆኑ ከየትኛው ዛፍ ስር እንደተነሱ አላስታወስኩም። ሁሉንም ደፋኋቸው።

ጥፋቱ የፌስታሉ ብቻ አልነበረም። በደንብ ደርቀው ቢተርፉልኝም ያው ነበሩ። የት፣ መቼ፣ ከምን ስር እንደተገኘ ያልተጻፈለት እንጉዳይ ቤት ውስጥ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። በአንጻሩ አንድ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የጠፋ ደረቅ ናሙና ጥሩ ማስታወሻ ካለው ከ50 ዓመት በኋላ እንኳ ተመራማሪ ያጠናዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከመንቀል ይልቅ ስለ መጻፍ ብዙ ባወራ አይግረማችሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ይህ ለመብላት የሚሰበሰብ እንጉዳይ መመሪያ አይደለም። ለመመዝገብ የምትሰበስቡትን አትብሉት። ገዳይ ከሆኑት አንዳንዶቹ ምልክት የሚያሳዩት ከተበሉ ከ6 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ጉበት መጎዳት ጀምሯል። መንካት ግን ችግር የለውም። መርዛማ እንጉዳይ በእጅ ስለተያዘ ብቻ ሰውን አይመርዝም። እጃችሁን ታጥባችሁ ምሳችሁን ብሉ።

ተራራውን ማንበብ

በረሃ ሲባል እንጉዳይ ለማንም ትዝ አይለውም። ግን ተራራ ላይ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወርዳል። እርጥብ አየር ተራራውን ሲያገኝ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ለዚህ ነው ግርጌው ላይ ቁልቋል የሚበቅልበት ተራራ አናቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚሸከመው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት በደቡብ ምሥራቅ አሪዞና፣ በደቡብ ምዕራብ ኒው ሜክሲኮና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ የተበተኑት ተራሮች ናቸው። "የሰማይ ደሴቶች" ይሏቸዋል። ባሕሩ በረሃው ነው፣ ደሴቱ ደኑ። ከቱሳን ከተማ አጠገብ ያለው የሌመን ተራራ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ የግራሃም ተራራ ደግሞ ከ3,200 ያልፋል። ከታች ቁልቋልና ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሣርና ኦክ፣ ከዚያ ፓይን፣ ከላይ ዳግላስ ፈርና ሌሎች ቅዝቃዜ ወዳድ ዛፎች ይከተላሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ይታያል።

ለሰብሳቢ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከትልልቆቹ የደን እንጉዳዮች ብዙዎቹ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ናቸው። ፈንገሱ ውሃና ማዕድን ለዛፉ ያቀብላል፤ ዛፉ ስኳር ይመልስለታል። ዛፉ ከተቀየረ እንጉዳዩም ይቀየራል። 300 ሜትር ወጣ ስትሉ ከኦክ ወደ ፓይን ተሻገራችሁ ማለት ስለሆነ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ያያችሁትን የሚመስለው እንጉዳይ ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ደሴት ደሴት ነው። በሁለት ተራሮች መሀል ሰፊ በረሃ ስላለ አንዱ ተራራ ላይ ያለው ነገር ሌላው ላይ አለ ብሎ መገመት ያሳስታል። "ከተራራው" ብሎ መጻፍ የማይበቃው ለዚህ ነው።

መቼ ይኬዳል? ዝናቡን ተከትላችሁ። በአሪዞናዎቹ ተራሮች ዋናው ጊዜ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ያለው የነጎድጓዳማ ዝናብ ወቅት ነው። አንድ ቀን ስለዘነበ ብቻ አትሮጡ። ውሃው አፈሩን ዘልቆ እንዲያርሰው ተደጋጋሚ ዝናብ ያስፈልጋል፤ ከዛፍ ጋር የሚኖሩት ትልልቆቹ ከዚያ በኋላም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ቀጫጭኖቹ ግን በሁለትና በሦስት ቀን ወጥተው በአንድ ከሰዓት ይጠወልጋሉ። ከምድር ወገብ ርቃችሁ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከሆናችሁ ወደ ሰሜን የዞረውን ተዳፋት አስቀድሙ፤ ፀሐይ ብዙም ስለማያገኘው እርጥበት ይዞ ይቆያል። የወደቀ ግንድ ጥላ፣ የሸለቆ ዳር፣ የዐለት ሥር፣ እነዚህም መታየት አለባቸው።

ታችኛውን ደረቅ ክፍል ደግሞ አትናቁት። እኔ ለዓመታት በመኪና ሳልፈው የኖርኩት ያንን ነው፤ አሁን ይቆጨኛል። ፖዳክሲስ የተባለው ረጅም፣ ቆቡ የማይከፈት እንጉዳይ ፀሐይ በጠበሰው አሸዋ ላይ ይቆማል። ቱሎስቶማ የምትባለው በቀጭን እግር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ኳስም እዚያው አለች። በደረቅ ቦታ ኳስ መሳይና ዝግ ቅርጽ መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የተከፈተ ቆብ ዘሩ፣ ማለትም ስፖሩ፣ ሳይበስል ይደርቃል፤ የተዘጋው ግን እርጥበቱን ይቆጥባል። አስትሬየስ የሚባለውማ ክንዶቹን ሲረጥብ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ይሰበስባል። ደረቁን አንሥታችሁ ውሃ ብታንጠባጥቡበት ዓይናችሁ እያየ ይከፈታል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀኑን በሙሉ ሌላ ነገር አያሠሯችሁም።

ፈቃድ

አሰልቺ ነው፣ ግን ያለሱ ሁሉም ነገር ይበላሻል። መሬቱ የማን እንደሆነ እወቁ። ብሔራዊ ፓርክ፣ የመንግሥት ደን፣ የማኅበረሰብ መሬትና የግል ይዞታ የተለያየ ሕግ አላቸው። በብሔራዊ ፓርክ ለጥናት የሚሰበሰብ ናሙና ብዙውን ጊዜ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ለምግብ የተሰጠ የመልቀም ፈቃድም ለናሙና ላይሠራ ይችላል፤ ለይታችሁ ጠይቁ። ናሙና ከአገር አገር የሚሻገር ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ በተቀበሉት አገሮች ዘንድ የአንድን አገር ዘረመላዊ ሀብት በዚያ አገር ፈቃድ እንድትጠቀሙ ያስገድዳል። የፈቃዱን ቁጥር መዝገባችሁ ላይ አስፍሩ። ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ናሙናዎች ቤተ መዘክር፣ ያለ እሱ ላይቀበላችሁ ይችላል።

ምን ይያዛል?

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ጠፍጣፋ፣ ሰፊ ቅርጫት፤ የተለያየ መጠን ያላቸው የወረቀት ከረጢቶች፤ ለጥቃቅኖቹ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ የፕላስቲክ ሳጥን፤ ጠንካራ ሴንጢ፤ ማስመሪያ፤ 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፤ ስልክ ከተጨማሪ ባትሪ ጋር። ለመጻፊያ እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ፌስታል ቤት ይቅር። እንጉዳይ ከተነቀለ በኋላም ይተነፍሳል፣ ውሃ ያወጣል፤ የታፈነ እንደሆነ የእኔን ዕጣ ታያላችሁ።

ለራሳችሁ ደግሞ ውሃ። ደን ውስጥ ስለገባችሁ በረሃውን የወጣችሁ ይመስላችኋል፤ አየሩ ግን ያው ደረቅ ነው። ለሙሉ ቀን ለአንድ ሰው ወደ 4 ሊትር አስቡ። በነጎድጓድ ወቅት ዝናቡ የሚመጣው በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ተነሥታችሁ ከቀትር በፊት ከሸንተረሩ ውረዱ። መብረቅ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አታቁሙ፤ እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ላይኛው ተፋሰስ ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የተቃጠለ ደን ከገባችሁ ዓይናችሁ መሬት ላይ ብቻ አይሁን፤ ሥሩ የተቃጠለ ዛፍ ነፋስ ባይኖርም ይወድቃል። የተቃጠለ ደን መግባቱ ግን ዋጋ አለው፤ ከቃጠሎ በኋላ ብቻ የሚወጡ ፈንገሶች አሉ።

ከመንቀል በፊት

እንጉዳይ ስታዩ እጃችሁን ወደ ኪስ አስገቡ። የምሬን ነው። መጀመሪያ ፎቶ።

ሁለት ሦስት ፎቶ ካለበት ቦታ ሳይነቃነቅ፦ አንዱ ከጎን በእንጉዳዩ ቁመት ልክ ዝቅ ብላችሁ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ራቅ ብላችሁ ዛፎቹ እንዲታዩ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ በኋላ የዛፉን ማንነት ስትጠራጠሩ የሚያድናችሁ ግን እሱ ነው። ኃይለኛ ፀሐይ ከሆነ በሰውነታችሁ ጥላ አጥሉበት። በረሃ ላይ ያለው ብርሃን ነጩን እንጉዳይ ምንም ዝርዝር የሌለው ነጭ ነጥብ ያደርገዋል።

ከዚያ ዙሪያውን እዩ። ምን ዛፎች አሉ? የቅርቡን ብቻ ሳይሆን በ10 ሜትር ውስጥ ያሉትን ሁሉ ጻፉ፤ የዛፍ ሥር ከግንዱ ርቆ ይሄዳልና። የዛፍ ስም ካላወቃችሁ ቅጠል፣ ፍሬና የቅርፊት ፎቶ ያዙ። ፓይን ከሆነ በአንድ እስር ስንት መርፌ ቅጠል እንዳለ ቁጠሩ፤ ሁለት፣ ሦስት ወይስ አምስት? ይቺ ቁጥር ብቻዋን የፓይኑን ዓይነት በደንብ ታጠብበዋለች። እኔ አንድ ሙሉ ወቅት "ፓይን" እያልኩ ብቻ ጽፌ በኋላ ተራራው ላይ ከአንድ በላይ የፓይን ዓይነት እንዳለ ስሰማ የተሰማኝን አልነግራችሁም።

የበቀለበትስ ምንድን ነው? አፈር ነው፣ የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የእንስሳት እበት? አፈር የሚመስለው ብዙ ጊዜ የተቀበረ እንጨት ነው። ጫር አድርጋችሁ አረጋግጡ። ዙሪያውን ትንንሽ ጉድጓዶች ካያችሁ ሽኮኮ ወይም ሌላ እንስሳ ቆፍሮ ይሆናል፤ ከመሬት በታች የሚያፈሩትን ትራፍል መሳዮች እንስሳት በሽታ ያገኟቸዋል። እዚያ አካባቢ አፈሩን በቀስታ ገለጥ ማድረግ ያዋጣል። ስትጨርሱ መልሱት።

አነቃቀሉ

ከላይ አትቁረጡት። ለምግብ የሚለቅሙ ሰዎች እግሩን በቢላዋ ይቆርጣሉ፤ ለመዝገብ ግን ያ ስህተት ነው። የእግሩ ግርጌ ብዙ ይናገራል። አማኒታ ከሚባለው ወገን ገዳዮቹ እንጉዳዮች ብዙዎቹ ግርጌያቸው ላይ ከረጢት ወይም እብጠት አላቸው፤ እሱም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ሴንጢውን ከጎን አስገብታችሁ ከሥር አንሡት። አፈሩ ደረቅና ድንጋያማ ከሆነ በትዕግሥት ዙሪያውን አላሉ። በኃይል ከተሳበ ግርጌው መሬት ውስጥ ይቀራል።

ከተቻለ ከአንድ ቦታ ከሦስት እስከ አምስት ውሰዱ፤ ገና ያልተከፈተ፣ መካከለኛና ያረጀ። ልጁና ሽማግሌው ጭራሽ አይመሳሰሉም። አንድ ብቻ ከሆነም ችግር የለም። የቀረውን ተዉት። ዋናው አካል መሬት ውስጥ ያለው የክር መረብ ስለሆነ ጥቂት መልቀም አያጠፋውም፤ መሬቱን ማረስ ግን ይጎዳዋል። የተነቀለውን ገልብጣችሁ የቆቡን ሥር ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ አንዱን ከቆብ እስከ ግርጌ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡ። ሥጋው ሲቆረጥ ቀለም ይለውጣል? ወደ ምን? በስንት ሰከንድ? ከቆባቸው ሥር ቀዳዳዎች ካሏቸው እንጉዳዮች፣ ከቦሌተሶች፣ አንዳንዶቹ ዓይናችሁ ፊት ሰማያዊ ይሆናሉ። ቆየት ብላችሁ ልጻፈው ካላችሁ አለቀ፤ ሁሉም ቡናማ ነው።

አሽትቱ። የሽታ ስም መስጠት ያሳፍራል፤ ግን የመጣላችሁን ጻፉ፦ ዓሣ፣ ራዲሽ፣ ክሎሪን፣ አልሞንድ፣ ወይም "ምንም"። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቅምሻም ይጠቀማሉ፤ በጥርስ ነክሰው ይተፋሉ። ለጀማሪ አልመክርም። ያለሱም ይሠራል።

ቁጥሩ

ሥርዓቱ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደላት ወስዳችሁ ከ1 ጀምሩ፤ ለምሳሌ "አበ 1"። በየዓመቱ እንደገና ከ1 አትጀምሩ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር፣ ናሙናው ቢጠፋ እንኳ፣ ለሌላ አይሰጥም። ይሄው ቁጥር በፎቶው ላይ፣ በወረቀት ከረጢቱ ውስጥ፣ በማስታወሻ ደብተሩ፣ በኋላ በምነግራችሁ የስፖር አሻራ፣ በመጨረሻው ፖስታ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ቁጥሩን እዚያው ሜዳ ላይ ስጡ። ማታ ደክሟችሁ 25 ከረጢት ፊት ለፊት ተደርድሮ ሲጠብቃችሁ ማንም ማንንም አያስታውስም። ከአንድ ዛፍ ስር የተገኙ አንድ ዓይነት የሚመስሉትን አንድ ቁጥር ስጧቸው፤ ከጠረጠራችሁ ለያዩ። በኋላ ማዋሐድ ይቻላል፣ የተደባለቀውን መለየት ግን አይቻልም።

ትንሽ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም፣ ቦታ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከፍታ፣ ዛፎች፣ የበቀለበት ነገር፣ ሲደርቅ የሚጠፉ ባሕርያት። ቀኑን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉ፤ "5/8" ለአንዱ ነሐሴ፣ ለሌላው ግንቦት ነው። የዘመን አቆጣጠሩም የትኛው እንደሆነ ይታወቅ። ጂፒኤሱን በአሥርዮሽ ዲግሪ ያዙት። ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ወደ 11 ሜትር፣ አምስት አኃዝ ወደ 1 ሜትር ያጠብባል። ስልክ ኔትወርክ ባይኖርም ነጥቡን ይይዛል፤ ገደል ውስጥና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ስር ግን ይስታል፣ ስለዚህ ስልኩ የሚያሳየውን የስህተት ስፋትም ጻፉ። ከፍታውን በካርታ አረጋግጡት፤ ስልክ ከፍታ ላይ ያን ያህል አይታመንም። የቦታ ስም ደግሞ ከነጥቡ በተጨማሪ በቃላት ይኑር። ቁጥር ሲገለበጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ቃላቱ ያርሙታል።

ሲደርቅ የሚጠፋው ምንድን ነው? ቀለም፣ ሽታ፣ መጠን፣ የቆቡ ገጽ ሙልጭልጭ መሆን አለመሆኑ፣ እግሩ ላይ ያለው ቀለበት ቅርጽ። ለነዚህ ቅድሚያ ስጡ። በረሃ ተራራ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ደረቅ ነፋስ ቆቡን እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጥቀዋል፣ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ቀለበቱን ያረግፈዋል። ስለዚህ ስንጥቁ የዝርያው ነው ወይስ የአየሩ? ከጥላ ስር ያለ ወጣቱን አይታችሁ ፍረዱ። በእርጥብ አገር ደን የተነሣ የመጽሐፍ ፎቶ ይዛችሁ "አይመስልም" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ቤት ስትገቡ

አትቀመጡ። ሌሊቱ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሥራ አለ፦ የስፖር አሻራና ማድረቅ።

ስፖር እንደ ዘር የሚያገለግለው ብናኝ ነው። አንዱ ብቻውን በዓይን አይታይም፤ በብዛት ሲከማች ግን ቀለም አለው፤ ቀለሙም ቤተሰብ ይለያል። ቆቡን ከእግሩ ቆርጣችሁ፣ ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩትን ስስ ቅጠሎች ወይም ቀዳዳዎች ወደ ታች አድርጋችሁ ፎይል ላይ አስቀምጡት። ወረቀት ላይም ይሆናል፤ ነጭ ስፖር በነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ግን ግማሹ ጥቁር ቢሆን ይሻላል። እኔ ፎይል የምመርጠው በኋላ ለማይክሮስኮፕ በቀላሉ ስለሚፋቅ ነው። ብርጭቆ ድፉበት። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆቡ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ አኑሩ፤ አለዚያ ስፖር ሳይጥል ይደርቃል። ከ4 እስከ 12 ሰዓት ይበቃል። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ፣ ሐምራዊ ቡናማ፣ ጥቁር ታያላችሁ። አረንጓዴ ካያችሁ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስን ጠርጥሩ፤ ሆድ የሚያናውጥ መርዛማ እንጉዳይ ነው፣ ቀለሙም አያሳስትም። ፎይሉን አጥፋችሁ ቁጥሩን ጻፉበት።

ኬሚካል የሚጠቀሙም አሉ፦ ቀጭን የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ፣ የብረት ጨው፣ አሞንያ። ጠብታው የሚያመጣው የቀለም ለውጥ በተለይ ለቦሌተስ ይረዳል። ጓንት ይደረግ። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ባትነኩትም ምንም አይቀርባችሁ።

የዘረመል ምርመራ ታስቡ ከሆነ አሁን፣ ትኩስ እያለ፣ ከውስጠኛው ሥጋ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ ወስዳችሁ እርጥበት በሚመጥጠው ሲሊካ ጄል አድርቁ። ምላጩን በናሙና በናሙና መሀል አጽዱት። ለፈንገስ እንደ መለያ ኮድ የሚነበበው የዲኤንኤ ክፍል አይቲኤስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዋናው የፈንገስ ባርኮድ እንዲሆን ሐሳብ ቀርቦ ተቀባይነት አግኝቷል። በደንብ የደረቀ ናሙናም ከዓመታት በኋላ ይነበባል። የበሰለ ግን አይነበብም፤ ለዚህ ነው ስለ ሙቀት የምጨቃጨቀው።

የማድረቂያው ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ይሁን። የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ትልልቁን ከቆብ እስከ እግር ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሉት። ኦቨን አልወደውም፤ ዝቅተኛው ሙቀቱ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይበዛል። ማድረቂያ ከሌላችሁ የበረሃው አየር ራሱ ያግዛችኋል፦ ጥላ ውስጥ፣ ወንፊት ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት። ቁጥሩን የያዘው ወረቀት ከናሙናው ጋር አብሮ ይግባ። ጠረጴዛ ላይ ለደቂቃ ነው ብላችሁ አትለዩዋቸው። ቀጭኑ በ12 ሰዓት፣ ወፍራሙ በ24 ወይም ከዚያ በላይ ይደርቃል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከተለጠጠ ውሃ አለው፤ ውሃ ካለው ይሻግታል።

ደረቁን ወዲያው በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ አድርጉ፤ አሁን ፕላስቲክ ይፈቀዳል። ደረቅ እንጉዳይ እርጥበት እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ከዚያ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት። ውስጡ የተደበቀ የጥንዚዛ እንቁላል ካለ ይሞታል። ይህን የዘለለ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሳጥኑን ሲከፍት ዱቄት ያገኛል።

መዝገቡ

ማስታወሻ ደብተሩ ዋናው ሰነድ ነው፤ እሱን አትጣሉ። ከሱ ላይ ወደ ኤክሴል ትገለብጣላችሁ፤ አንድ ናሙና አንድ ረድፍ። ኬክሮስና ኬንትሮስ በተለያየ ዓምድ፤ ከፍታ በሜትር፣ ቁጥሩ ብቻ። "በግምት 2,400 አካባቢ ይመስለኛል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ ዓምድ ውስጥ ይግባ። መረጃችሁን ለዓለም ማካፈል ካሰባችሁ ዳርዊን ኮር የሚባል የዓምድ ስሞች ስምምነት አለ፤ ከመጀመሪያው በሱ ብትሰይሙ በኋላ ጂቢፍን ለመሳሰሉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋቶች ሳትቸገሩ ትሰጣላችሁ። ፎቶዎቹን በናሙናው ቁጥር ሰይሟቸው፤ በሁለት ቦታም አስቀምጡ።

አሁን ሁሉም የሚጓጓለት ጥያቄ፦ ስሙ ማን ነው? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት የፈንገስ ዝርያዎችን ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል፤ ስም የወጣላቸው ግን ወደ 150 ሺህ ገደማ ናቸው። ብዙዎቻችን በጅምላ የጅብ ጥላ ብለን የምናልፈው ነገር ውስጥ ስም አልባ ብዙ አለ፤ ገለልተኛ ተራራ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ "አማኒታ፣ ዝርያው ያልታወቀ" ብሎ መተው ነውር የለውም። የአውሮፓ መጽሐፍ ላይ ያለውን ስም በግድ መለጠፍ ነው ነውሩ። በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ተራሮች በፓይን ሥር የሚወጣው ነጩ ትልቅ ቦሌተስ የራሱን ስም፣ ቦሌተስ ባሮውሲአይ፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያን ያህል ትልቅና ነጭ ነገር እስከዚያ ድረስ ራሱን የቻለ ስም አልነበረውም! አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ምልከታ ድረ ገጽ ላይ ፎቶ ብትለጥፉ ሐሳብ የሚሰጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። የስልኩ አፕ በራሱ የሚገምተውን ግን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዱት።

ስም ስትሰጡ ሦስት ነገር አብሮ ይጻፍ፦ ስሙን ማን ሰጠው፣ መቼ፣ በምን መሠረት። በፎቶ ነው፣ በማይክሮስኮፕ፣ በዲኤንኤ?

ጥሩ የምትሏቸውን ናሙናዎች ሄርባሪየም አስገቡ። እቤት ያለ ሳጥን ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚጥለው አይታወቅም። ለአሪዞናዎቹ ተራሮች በቱሳን የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሮበርት ጊልበርትሰን ስም የተሰየመ የፈንገስ ሄርባሪየም አለ፤ ጊልበርትሰን እንጨት አበስባሽ ፈንገሶችን በማጥናት የታወቀ ነው። የትም ብትሆኑ ግን ናሙናውን ከመላካችሁ በፊት ለኃላፊው ጻፉለት፤ ምን ይቀበላሉ፣ መለያ ወረቀቱ ምን ይመስል፣ የፈቃድ ቅጂ ይፈልጋሉ ወይ? ከእያንዳንዱ ትንሽ ቁራጭ ለራሳችሁ አስቀሩ።

አንድ ቀን አንድ ባለሙያ ናሙናችሁን አይቶ ስሙን ይቀይረዋል። የድሮውን መለያ አይቀድም፣ አይሰርዝም። አዲስ ትንሽ ወረቀት ላይ አዲሱን ስም፣ የራሱን ስምና ቀኑን ጽፎ ከናሙናው ጋር ያስቀምጣል። እናንተም ቤታችሁ ያለው መዝገብ ላይ እንደዚያው አድርጉ፤ አዲስ ዓምድ ክፈቱ እንጂ አሮጌውን አታጥፉ። እኔ አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ፤ ሦስቱም ስሞች እስካሁን ከነቀናቸው እዚያው አሉ።